ሳይከፈት የተፈረደበት ካምቢዮ

«ካምቢዮው አልቋል። ሙሉውን ቀይረው።»

መካኒኩ ይህን ያለኝ መኪናዋን ከጋራዡ በር እስከ ዋናው አስፋልት ነድቶ ሲመለስ ነው። አንደኛ ማርሽ ያለ ችግር ገባለት። ሁለተኛ ላይ «ክርርር» አለ። ተመልሶ ወረደ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና ፈረደ። አንድ ብሎን አልፈታም። ዘይቱን አላየም። ጎንበስ ብሎ ከስር እንኳ አልተመለከተም።

ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ሙያውንም ያውቃል። ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም ለዓመታት የሠራልኝ እሱ ነው። ግን ያቺ ንግግሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ሥራ ቦታ ትመጣብኛለች፤ ልተኛ ስል ትመጣብኛለች። ማንም ያልከፈተውን ነገር «አልቋል» የምንለው ምን አይተን ነው?

መኪናዋ ኮሮላ ናት። 1983 ሞዴል፣ ፎር ኬ ሞተር፣ አምስት ማርሽ፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ። ስለ ኮሮላ ጠባይ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ላሜራዋ የሚያስከፋ አይደለም። ሁለተኛ ማርሽ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ደግሞ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ።

ሶማሌ ተራ

እንደተባልኩት መርካቶ ወጣሁ። ሶማሌ ተራ ያገለገሉ ካምቢዮዎች በየሱቁ ደጃፍ ተደርድረዋል። ከላይ አቧራ፣ ከስር የጠቆረ ዘይት። ሻጩ አንዱን ጎትቶ አወጣልኝና የፊት ዘንጉን በእጁ አዞረው። «ይኸው ወንድሜ፣ እንደ ቅቤ ይዞራል። ከነ ሙሉ ጤንነቱ ነው» አለኝ።

ልክ ነው፣ ይዞራል። የኔም ቢወርድ እንዲሁ ይዞራል። መሬት ላይ የተቀመጠ ካምቢዮ በእጅ ሲዞር ስለ ሁለተኛ ማርሹ የሚነግረን ነገር የለም። የኔ ችግር የሚታየው መኪናው እየሄደ፣ የሁለት ነገሮች ፍጥነት ሲለያይ ነው። ይህን ደግሞ ሱቅ ደጃፍ ላይ መሞከር አይቻልም። ማን ሲነዳው እንደነበረ አላውቅም። ምን ዘይት ሲጠጣ እንደኖረ አላውቅም። ከምን ዓይነት መኪና ላይ፣ ለምን እንደወረደ አላውቅም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። የኔው ሰይጣን ቢያንስ የሚጮኽበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። መንገድ ላይ ግን ስለ መካኒኩ ሳስብ ነበር። ለምን አይከፍተውም? ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ነው፤ ይሁን። መፍታትና መልሶ መግጠም ቀን ይፈጃል። ቀለበት ይጠፋል፤ ክሊፕ ይሰበራል፤ ዕቃ ፍለጋ ሌላ ቀን ይሄዳል። በዚያ ላይ ከከፈተው በኋላ የሚደርሰው ነገር ሁሉ የሱ ጥፋት ይሆናል። ሙሉውን ቢቀይረው ግን በግማሽ ቀን ይጨርሳል። ካልሠራ ደግሞ «ዕቃው ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» ማለት ይችላል።

ከዚህ ውስጥ የኛ የደንበኞቹ ድርሻ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃ በካርቶን መጥቶ ሲገጠም ገንዘብ እናወጣለን። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ በሽታውን ፈልጎ አግኝቶ በትንሽ ዕቃ ቢያድነን ግን «ለዚች ነው ይህን ያህል?» እንላለን። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለጭንቅላት አንከፍልም። መካኒኩም ይህን ስለሚያውቅ የሚከፈለውን ሥራ ይሠራል።

«መቼ ነው የሚጮኸው?»

ከቤታችን ጀርባ ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ ጥገና ያሳለፉ አዛውንት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። እኔም ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። ጉዳዩን ሳጫውታቸው ምን ዓይነት ድምፅ ነው አላሉኝም።

«መቼ ነው የሚጮኸው?» አሉኝ።

«ሁለተኛ ሳስገባ ነው ጋሼ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ስትጨምር ነው ስትቀንስ? ኋላ ማርሽስ? ፍሪሲዮን ረግጠህ ዜሮ ላይ ስትቆምስ ምን ይላል?»

እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ በር ይዘጋል። መኪናዋ ቆማ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ የፊተኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በሁሉም ማርሽ አጉረምርሞ አራተኛ ላይ ዝም ካለ ደግሞ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በዚህ ካምቢዮ አራተኛ ላይ ኃይሉ ከፊት ወደ ኋላ በቀጥታ ያልፋል፤ የታችኛው ዘንግ ይዞራል እንጂ ሸክም የለበትም። ሁሉም ማርሽ፣ ኋላ ማርሹም ጭምር፣ ሲገባ የሚጮኽ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮው ጭራሽ አልታመመም ይሆናል። ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አልለቅ እያለ ነው። ይህን ሳያጣሩ ካምቢዮ ማውረድ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስንት ጤነኛ ካምቢዮ በፍሪሲዮን ጥፋት እንደወረደ ጋሼ ሲናገሩ ፊታቸው ይከፋል።

ቀጥሎ አብረን በመኪናዋ ወጣን። ማርሹን እንደ ድሮ መኪና እንዳስገባ አዘዙኝ። ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ዜሮ፣ ፍሪሲዮን ለቆ ትንሽ ቤንዚን መስጠት፣ እንደገና ረግጦ ሁለተኛ ማስገባት። ሁለተኛዋ ድምፅ ሳታሰማ ገባች። ደጋግመን ሞከርነው። ሁልጊዜ ዝም።

«በቃ፣ ቀለበቱ ነው» አሉ። «ሌላው ደህና ነው።»

እሳቸው መንዳት የተማሩት በእንዲህ ዓይነት መኪና ነው። የአሰብን መንገድ የሚመላለሱ የድሮ ከባድ መኪና ሾፌሮች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጡ፣ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ነበር ማርሽ የሚቀይሩት። ፍጥነቱን የሚያስተካክለው የሾፌሩ ጆሮና እግር ነው። ይህን ሥራ ከሾፌሩ ላይ ያነሳለት ሲንክሮናይዘር፣ በአጭሩ ሲንክሮ፣ የሚባለው ነገር ነው፤ ጋሼ ያሉት ቀለበትም የሱ ክፍል ነው። ኧርል ቶምሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራውን ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ለገበያ አወጣው። ዛሬ ፍሪሲዮን አንዴ ረግጠን ማርሽ የምናስገባው እሱ ስላለ ነው። የኔ መኪና ያጣችው ያንን ረዳት ነው። ጋሼ በእግሬ ተክተው አሳዩኝ።

ማውረድ

ስለ ማውረዱ ብዙ አልልም። ግቢ ውስጥ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ነው የሠራነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም ሰው አይግባ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለማቆም አይደለም። እኛ ከአራቱም በኩል ወፍራም የብረት መቆሚያ አድርገን፣ ገፍተን አነቃንቀን፣ ከዚያ ነው የገባነው። የባትሪውን ገመድ ፈታን። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አወረድን። ካምቢዮውን ለሁለት ተሸክመን ዝቅ አደረግነው።

ከዚያ በፊት ግን ዘይቱ ነበር። ጋሼ ዘይቱ የወረደበትን ሳፋ ወደ ፀሐይ ጎተቱት። በጣታቸው ነክረው በአውራ ጣታቸው አሹት። ዘይቱ ውስጥ ወርቅ የሚመስል ደቃቅ ብናኝ ያበራል። ማግኔት አስጠጉበት፤ ብናኙ ንቅንቅ አላለም። ናስ ነው ማለት ነው። የብረት ስንጣሪ ቢሆን ማግኔቱ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ያኔ ጥርስ ተሰብሯል ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው ማለት ነው። አንድ ካቻቢቴ ሳናነሳ መልሱ ግማሽ በግማሽ ሳፋው ውስጥ ነበር። ጋራዡ ውስጥም አንድ ብሎን ብቻ ቢፈታ ይታይ ነበር።

ቀለበቱ

ካምቢዮው ተፈቶ ካርቶን ላይ ሲደረደር መጀመሪያ ያየሁት የማርሾቹን ጥርስ ነው። አንድ በአንድ አዟዟርኳቸው። አንድም የተሸረፈ፣ አንድም የተበላ ጥርስ የለም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጫፋቸው ቀጥ ብሎ፣ ገጻቸው ለስልሶ ያበራል። «አልቋል» የተባለው ካምቢዮ ይህ ነው።

ጋሼ የሁለተኛውን ማርሽ ቀለበት በሁለት ጣታቸው አወጡት። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የናስ ቀለበት ነው። በውጭ ዙሪያው ትናንሽ ጥርሶች አሉት። ውስጡ ሾጣጣ ነው፤ ማርሹ ላይ ባለው የብረት ሾጣጣ ላይ ይገጥማል። አዲሱን ከላስቲኩ አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡት። ለዓይን ያን ያህል አይለያዩም። አሮጌው ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ያ ብቻ ነው።

«በጥፍርህ ውስጡን ዳስሰው» አሉኝ።

አዲሱ ይሻክራል። ውስጡ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ዙሪያውን ተቆርጠዋል። ጥፍሬ በነሱ ላይ ሲያልፍ ትር ትር ይላል። አሮጌው ላይ ጥፍሬ ምንም አላገኘም። ልሙጥ ነው። መስመሮቹ ጠፍተው ሜዳ ሆኗል።

ከዚያ ማርሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሾጣጣውን ዘይት ቀቡትና አዲሱን ቀለበት ደፉበት። «ጫን። እየጫንክ አዙር።» ጫንኩ። ያዘ። ላዞረው ብል ማርሹን ይዞት ዞረ። አሮጌውን ደፋሁበት፤ ጫንኩ፤ ተንሸራተተ። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ክብደቴ ጫንኩት። አሁንም ይዞራል። በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ሾጣጣው ላይ ከሚገባው በላይ ወርዶ ማርሹን ሊነካ ደርሷል። በመሃላቸው ክፍተት መለኪያውን ስስ ብረት ብንሰድ ፋብሪካው ከሚፈቅደው በታች ነው።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ለረጅም ጊዜ ቆምኩ ብል ይሻላል። ቀለበቶቹን እያፈራረቅኩ እሞክራለሁ። አንዱ ይይዛል፤ አንዱ ይንሸራተታል። ልዩነቱ እነዚያ ለዓይን የማይታዩ መስመሮች ናቸው። ሥራቸው ዘይቱን መቁረጥ ነው። ቀለበቱ ሾጣጣው ላይ ሲጫን በመሃል ያለው ዘይት በመስመሮቹ ውስጥ ይሸሻል፤ ናሱ ብረቱን ያገኘዋል፤ ይይዘዋል። መስመሮቹ ካለቁ ዘይቱ የሚሸሽበት የለውም።

ብዙ ሾፌር ማርሽ ማስገባት ማለት ሁለት ጥርሳም ብረቶችን ማገጣጠም ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው። ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች በሙሉ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይዞራሉ፤ አይለያዩም። ማርሽ ስናስገባ የምናደርገው አንደኛውን ከዘንጉ ጋር ማሰር ነው። አሳሪው ማርሽ መቀየሪያው በሚያንቀሳቅሰው ሹካ የሚገፋ፣ ስሊቭ የሚባል ተንሸራታች ብረት ነው። ሲንክሮው ያለቀበት ማርሽ ሲገባ የሚጮኸውም የስሊቩና የማርሹ ጎን ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ትላልቆቹ ጥርሶች በዚያ ጩኸት ውስጥ የሉበትም። ኋላ ማርሽ ብቻ ነው እንደ ድሮው በቀጥታ ተንሸራቶ የሚገጥመው፤ መኪናው ቆሞ እንዲገባ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ቀለበቱ የሚቆመው በስሊቩና በማርሹ መሃል ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ፍጥነታቸውን ማስተካከል ነው። ሌላው፣ እኔን ያስገረመኝ፣ መከልከል ነው። ፍጥነታቸው እስኪስተካከል ድረስ ትናንሽ ጥርሶቹ ስሊቩ ፊት ዞረው ይቆማሉ፤ አያሳልፉም። ሲስተካከል ብቻ መንገድ ይለቃሉ። ማርሽ ስናስገባ እጃችን ላይ ለአፍታ የሚሰማን ግፊት ይህ ነው። ያ ግፊት የማርሽ ድርቀት አይደለም። ቀለበቱ «ቆይ፣ ገና ነው» እያለን ነው።

ከናስ የተሠራውም በምክንያት ነው። ከማርሹ ብረት ይልቅ ለስላሳ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ነገር ማለቁ እንደማይቀር ያውቃሉ። የሚያልቀውን መርጠዋል። ውዱ፣ ለመሥራት የሚያስቸግረው ማርሽ እንዲኖር ርካሹ ቀለበት ይበላል። በኔ መኪና ቀለበቱ የተመደበበትን ሥራ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። እነዚያ የሚያበሩ ጥርሶች ምስክር ናቸው። ሥራውን ስለጨረሰ አንድ ቀለበት ብለን ሙሉ ካምቢዮ ልንጥል ነበር።

ለምን ሁለተኛ?

ቀለበቶቹን ሁሉ በየማርሹ ሾጣጣ ላይ ሞከርናቸው። የሦስተኛውና የአራተኛው ደህና ይይዛሉ። የሁለተኛው ብቻ ነው የተላጨው። ለምን?

አንዱ መልስ ቁጥር ነው። በዚህ ካምቢዮ አንደኛ ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 3.79 ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛ ላይ 2.22። ሞተሩ አንደኛ ላይ 3,000 ዙር ላይ ከነበረ፣ ሁለተኛ ሲገባ ያ የሚሽከረከር የፊት ዘንግ ወደ 1,760 ገደማ መውረድ አለበት። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲኬድ ግን ከ3,000 ወደ 2,090 ነው። ትልቁን ዝላይ የሚሸከመው የሁለተኛው ቀለበት ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ የሚወርደው በዚያች ናስ ነው።

ሌላው መልስ ከተማችን ናት። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ሁለተኛ ነው። ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ሲወጡ ትራፊኩ ከያዘ ሁለተኛ ነው። ጠዋት መገናኛ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ፍሬን፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ። አምስተኛ የምትገባው ከከተማ ስንወጣ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲመለስ ደግሞ ቀለበቱ ማብረድ ሳይሆን ማፍጠን ይጠበቅበታል፤ ዳገት ላይ፣ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባ እያስጮኸ። ያኔ ማን ይጠብቃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩኝ። የሹካው አንድ ጎን ከሌላው ይልቅ ተበልቷል። እጁን ማርሽ መቀየሪያው ላይ ጥሎ የመንዳት ልማድ ያለው ሰው የሚያደርገው ነው አሉኝ። የእጅ ክብደት ትንሽ ይመስላል። ግን ሹካውን ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ስሊቭ ላይ ያስደግፈዋል። መኪናዋ ከኔ በፊት ሌሎች ባለቤቶች ነበሯት። የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም፤ እጁ ግን እዚያ ብረት ላይ አለ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሰው መኪና ሲሸጥ የሊብሬውን ስም ያዛውራል፤ የአነዳዱን ጠባይ ግን ካምቢዮው ውስጥ ትቶ ይሄዳል።

መልሶ መግጠም

ቀለበቱን ካገኘን በኋላ ሌላውን እንዳለ መዝጋት ይቻል ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። አንዴ ከወረደ ኩሽኔታዎቹ፣ ዘይት የሚይዙት ጎማዎችና ጓርኒሲዮኖቹ አብረው ይቀየሩ አሉ። ልክ ነበሩ። ለአንድ ጎማ ብሎ እንደገና ማውረድን ማን ይወዳል? ኩሽኔታዎቹን ቶርኖ ቤት ወስደን በፕሬስ አስወለቅናቸው። በመዶሻ አይደለም። አዲሱም ሲገባ የሚገፋው ዘንጉን የሚያቅፈው የውስጠኛው ቀለበት ነው። ውጭውን ከመቱት ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ኩሽኔታው ገና ሳይሠራ ይቆስላል።

ሁሉንም በናፍጣ አጠብን፤ አደረቅን። ስሊቩን ከመፍታታችን በፊት ምልክት አድርገንበት ስለነበር በነበረበት አቅጣጫ ተመለሰ። እያንዳንዱን ቀለበት ከመግባቱ በፊት ዘይት ቀባነው። ደረቅ ቀለበት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይጎዳል። እያንዳንዱን ዕቃ ካስገባን በኋላ ዘንጉን በእጅ እናዞራለን፤ ማርሹን እናስገባለን፣ እናወጣለን። የሚከብድ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል። አሠራሩ ያዘግማል። ጋሼ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያሉ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች አንድ በአንድ ራሳቸው አጠበቁ።

ዘይቱ ላይ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ሱቅ ሄዳችሁ «የካምቢዮ ዘይት» ስትሉ የዲፈረንሻል ዘይት ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ሁለቱም ላይ የውፍረት ቁጥራቸው 90 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የሚታየው ጂኤል (GL) የሚለው ምልክት ነው። ጂኤል-5 የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው። ከባድ ጫና እንዲችል ሰልፈርና ፎስፈረስ ያላቸው ማጠናከሪያዎች በብዛት ይገቡበታል። እነዚህ ናስን ሊበሉ ይችላሉ፤ ከዚያም በላይ ቀለበቱ መያዝ ሲገባው ያንሸራትቱታል። እንዲህ የናስ ቀለበት ላለው የድሮ ካምቢዮ የሚሻለው ጂኤል-4 ነው። ጣሳውን አዙሮ ማንበብ ነው፤ የሻጩን ቃል ብቻ ይዞ መሄድ አይደለም።

ማርሽ የሌለው መኪና

ግቢ ውስጥ እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ያየኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። «ምን አደከመህ? ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። በየመንገዱ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። እነሱ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ የሚባል የለም። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ አብዛኞቹ ፍጥነት የሚቀንስ አንድ የማይቀያየር ማርሽ ይበቃቸዋል። ፍሪሲዮን የለም፣ ቀለበት የለም፣ ክርርር የለም።

እኔ ግን ከዚሁ ዜና የምሰማው ሌላ ነገር ነው። አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያሉት ከበፊቱ የበለጠ ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ባለሱቁ ነገ ተነስተው ኤሌክትሪክ መኪና አይገዙም። ባለችው ኮሮላ ነው የሚኖሩት። ሶማሌ ተራ ያለው ያገለገለ ካምቢዮም ከየትም እየፈለቀ አይመጣም፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር ያረጀውና የከፋው ነው የሚቀረው። ያኔ «ሙሉውን ቀይረው» የሚለው መልስ ሙሉው ሲጠፋ ምን ይሆናል? ከፍቶ የሚያይ ሰው ያስፈልገናል። ጋሼን የመሰሉ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። የሚያውቁት ነገር መጽሐፍ ላይ የለም፤ ቢኖርም በኛ ቋንቋ የለም። ያለው ጣታቸው ላይ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ ከመኪናዬ በላይ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ነገሩን በስልኬ መቅረጽ ጀምሬያለሁ። የዘይት አስተያየታቸውን፣ ጥያቄዎቻቸውን፣ ቀለበቱን ሾጣጣው ላይ ጭነው ሲያዞሩ። ጋሼ መጀመሪያ ካሜራ ሲያዩ ዝም ይሉ ነበር። አሁን እጄን በደንብ አሳየው ይሉኛል።

መኪናዋ ከተገጠመች በኋላ ሁለተኛ ማርሽ በቀዝቃዛ ጠዋትም፣ ከሦስተኛ ሲመለስም ድምፅ አያሰማም። በቀጭን ፉጨት የሚሄድ አንድ ድምፅ አምስተኛ ላይ አለ፤ ጋሼ የማርሹ ገጽ ለዓይን በማይታይ ልክ ስለተበላ ነው፣ ዘይቱን እየተከታተልክ ንዳው ብለውኛል።

ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ መጥቷል። የሱ መኪና ሦስተኛ ማርሽ በራሷ እየወጣች ወደ ዜሮ ትመለሳለች፤ እሱም ካምቢዮ ቀይር ተብሏል። ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ መጠየቅ ጀመሩ። ቤንዚን ስትለቅ ነው የምትወጣው ወይስ ስትሰጥ? ዳገት ነው ቁልቁለት? የሞተር መቀመጫ ጎማዎቹን አይተሃል? ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ ማርሹን በቦታው የሚይዘውን የብረት ኳስና ስፕሪንጉን ለማየት ቅዳሜ ሽፋኑን እንከፍታለን። ስፕሪንጉ ጠንካራ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ሹካው ነው፤ ከዚያ የስሊቩ ጥርስ ጫፍ።